ወረቀቷን የረሳችው ሯጭ

ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በ1985 እ.ኤ.አ. ለዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ወደ ጃፓን፣ ኮቤ ስትሄድ የሴትነት ማረጋገጫ ወረቀቷን ቤት ረሳችው። ስለዚህ እንደገና ተመረመረች።

ከጉንጯ የተወሰደው ናሙና ችግር አሳየ፤ በኋላም ኤክስ-ዋይ ክሮሞሶም እንዳላት ታወቀ። ሴት ሆና ተወልዳ ሴት ሆና ያደገች ናት። ሰውነቷ ለቴስቶስትሮን ምላሽ አይሰጥም፤ የወንድን ጡንቻ የሚያዳብረው ሆርሞን ለእሷ ምንም አይፈይድም ነበር።

በ1986 ተጎዳሁ ብላ ከስፔን ሻምፒዮና በጸጥታ እንድትወጣ ተነገራት። እምቢ አለች፤ በ60 ሜትር መሰናክል ሮጣ አሸነፈች። ወዲያው ምስጢሯ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ውጤቶቿ ተሰረዙ፣ የነፃ ትምህርት ዕድሏ ተቋረጠ፣ እጮኛዋም ተለያት። ተሟግታ የመወዳደር መብቷ የተመለሰላት በ1988 ነው።

ኦሎምፒክ የጅምላ ምርመራውን በ1999 አቆመ። የዓለም አትሌቲክስ ግን በ2025 ኤስ-አር-ዋይ የተባለውን ጂን የሚፈልግ ምርመራ ለሴቶች ግዴታ አደረገ። የዛሬው ደንብ እንደ ፓቲኞ ያሉትን ይፈቅዳል፤ ትምህርቱ የተገኘው ግን በእሷ ኪሳራ ነው።

የሴቶች ምድብ መጠበቅ አለበት፤ በወንድ ጉርምስና ያለፈ ሰውነት ብልጫ አለው። ነገር ግን የጂን ውጤት የምርመራ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ምስጢር የማይጠብቅና ይግባኝ የማይሰማ ሥርዓት ሴቶችን ጠበቅሁ ቢል ማን ያምነዋል?