ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

በቆሼ በኩል በቀለበት መንገድ የሚያልፍ ሰው፣ በመንገዱ አካፋይ ሣር ላይ ቆሞ የሚያንቀላፋ ፈረስ ቢያይ አይደነግጥም። ለምዶታል። ጎድኑ ይቆጠራል፤ የጋሪ ማሰሪያ የላጠው ትከሻው ላይ ዝንብ ሰፍሯል፤ አንድ እግሩን መሬት ማስረገጥ አቅቶት አንጠልጥሎታል። ግራና ቀኙን ሲኖትራክና ሚኒባስ እየተጋፋ ያልፋል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ይህ ፈረስ ጠፍቶ አይደለም፤ ተጥሎ ነው። የጣለውን ባለጋሪ መርገም ቀላል ነው። ሒሳቡን መሥራት ግን ከእርግማኑ በፊት መምጣት አለበት። ባለጋሪ በቀን ገቢ ያድራል። ጭዱና ፉርሽካው የሚገዛው ፈረሱ ዛሬ በሠራው ነው። ፈረሱ ባነከሰ ማግስት ገቢው ይቆማል፣ ወጪው አይቆምም። በሬ ቢሆን ይታረድና ሥጋው ይሸጣል፤ ፈረስ አይበላም። ገድሎ መገላገል ደግሞ ነውር ነው፤ ያገለገለን እንስሳ በእጁ መግደል የሚደፍር ጥቂት ነው። ስለዚህ በጨለማ ይነዳና መንገድ ዳር ይለቀቃል። ደብረ ዘይት ውስጥ እንደ ስፓና ያሉ ተቋማት የጋሪ ፈረሶችን ያክማሉ፤ የሚደርሱት ግን ከብዙው ጥቂቱ ጋ ነው።

ቆሼ ደግሞ ቆሼ ነው። አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የደፋችበት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀበረ ስፍራ ነው። ፈረስን ከዚያ ሐዘን ጋር ማስተካከል አይገባም። ነገር ግን ከተማዋ የማትፈልገውን ነገር ሁሉ ወደ ዳር የመግፋት ልማድ እንዳላት ቆሼ ላይ ቆሞ መካድ ያስቸግራል።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው፣ ይህ የተጣለ እንስሳ በአንድ ወቅት ለዚህ አገር ነገሥታት ስም ያወጣ መሆኑ ነው።

በሌላው ዓለም የእሽቅድድም ፈረስ ስም የሚያወጣለት ሰው ነው። በኢትዮጵያ ግን ሰውየው በፈረሱ ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። የጅማው አባ ጅፋርና የሊሙው አባ ባጊቦም እንዲሁ በፈረስ ስማቸው የገነኑ ናቸው፤ ልማዱ በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። «አባ» ማለት እዚህ ላይ ባለቤት፣ ጌታ ማለት ነው። የዳኘው ጌታ፣ የታጠቅ ጌታ።

ስሞቹን ጠጋ ብሎ ላያቸው አብዛኞቹ ትእዛዝ ናቸው፦ ታጠቅ፣ ጠቅል፣ ቃኘው፣ በዝብዝ። ዛሬ ፓርቲዎች በመፈክር የሚናገሩትን ያኔ መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይናገሩት ነበር። (ጸሎተኛው አፄ ዮሐንስ ፈረሳቸውን «በዝብዝ» ማለታቸው ግን ዛሬም ፈገግ ያሰኛል።) ወታደሩ ሲፎክር ጌታውን በዚህ ስም ይጠራል። በሰላም ጊዜ ጌታው የሚጓዘው በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ ጌጡን ለብሶ፣ በባልደራስ እጅ እየተሳበ ከጎን ይሄዳል። ፈረስ ላይ የሚወጣው ነገር ሲከር ነው። ፈረስ የሰልፍ ቀን እንስሳ ነበር።

ስለዚህ የፈረሶች ፉክክር ታሪክ የሚፈልግ ሰው በዚህ አገር የሚያገኘው የጦርነት ታሪክ ነው። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ አባ ዳኘው ለአባ በዝብዝ ገበረ፤ ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ዮሐንስ ፊት ቀረቡ። በአራተኛው ዓመት፣ ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም.፣ እምባቦ ላይ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደቡብ ምዕራብ የበላይነት ጉዳይ ተጋጠሙ። ቀኑን ከወሰኑት አንዱ ራስ ጎበና ናቸው፤ አባ ጥጉ፣ ከኦሮሞ ፈረሰኞቻቸው ጋር። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። በአድዋም የፈረሰኛው ማሳደድ የኢጣልያን ሽንፈት ወደ ሽሽት እንደለወጠው የሁለቱም ወገን ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

የመጨረሻው ታላቅ ግጥሚያ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የተደረገው ነው፤ አባ ሻንቆ ከወሎ፣ አባ መላ ከሸዋ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለኢያሱ ዙፋን መጡ። ሀብተ ጊዮርጊስ በመልእክት እያዘናጉ ቀን ገዙ፣ ጦርም አሰባሰቡ፤ ስማቸው ያለ ምክንያት «መላ» አልነበረም። ሚካኤል ተማረኩ። ድል አድራጊው ጦር አዲስ አበባ ገብቶ በጃንሜዳ ሰልፍ አሳየ። ያን ሰልፍ ካዩት አንዱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ፣ የስድስት ዓመቱ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበር፤ ኋላ የታወቀ የበረሃ ተጓዥ ሆኖ በስተርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ያን ቀን አንስቶታል።

ጃንሜዳ ያኔ ከሰልፍም በላይ ነበር። በጥምቀት ጉግስ ይጫወቱበታል። ጉግስ ጨዋታ ቢባልም የጦርነት ልምምድ ነው፦ አንዱ ቡድን ይሸሻል፣ ሌላው እያሳደደ ዱላ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በሚጋልብበት ዞር ብሎ በጋሻ ይመክታል። ፈረሱ ሳይታዘዝ ካልታጠፈ ጋሻው ዋጋ የለውም። ጋላቢው ባዶ እግሩን ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ ጠባቧ እርካብ ውስጥ ይሰካል። በሌላ በኩል ደግሞ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ሰዎችና መኳንንቱ እዚያው ሜዳ ላይ በአውሮፓ ደንብ ፈረስ ያሽቀዳድሙ፣ ፖሎም ይጫወቱ ነበር። የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሕንዳውያን ፈረሰኛ ዘቦች ነበሩት። ሁለት የፈረስ ባህል በአንድ ሜዳ ተገናኝቶ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ዱላና ጋሻ ያለው፣ ሌላው መነሻና መድረሻ መስመር ያለው።

ሁለቱ ሳይጋቡ ቀሩ። የመጀመሪያውን መትረየስና አውሮፕላን አደከመው፤ ከማይጨው በኋላ ፈረሰኛ የጦርነት ወሳኝ አልነበረም። ሁለተኛው የቤተ መንግሥትና የኤምባሲ መዝናኛ ሆኖ ቆየ፤ ሰፊው ሕዝብ የኔ አላለውም። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲመጣ ያጌጠ ፈረስ የመሳፍንት ምልክት ነበርና ጠበቃ አላገኘም። ጃንሜዳ ለጥምቀት፣ ለገና ጨዋታ፣ ለአገር አቋራጭ ሩጫ ቀረ። በኮሮና ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያው መዛወሩን፣ ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ሜዳው ይጽዳ ተብሎ የተነሳውን ጭቅጭቅ ብዙ ሰው ያስታውሳል። ስለ ሽንኩርት ብዙ ተባለ፣ ስለ ታቦት ማደሪያ ብዙ ተባለ፤ ስለ ፈረስ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ስሞቹ ግን ከፈረሶቹ ተላቀው መኖር ቀጠሉ። በ1943 ዓ.ም. ለኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ቃኘው ተባለ፤ የራስ መኮንን ፈረስ ስም ፑሳን ወደብ ድረስ ተጓዘ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ጣቢያም ያንኑ ስም ያዘ። ከኮልፌ ወደ አምቦ መንገድ ሲወጣ ያለው፣ በ1969 ዓ.ም. የደርግ ሚሊሺያ የሠለጠነበት ጦር ሰፈር ታጠቅ ይባላል፤ የቴዎድሮስ ፈረስ። ልደታ አካባቢ ያለውን ሆስፒታል ሰው «ባልቻ» ብሎ ይጠራዋል፤ ነፍሶን የሚያነሳ የለም። «ባልደራስ» ሲባል ደግሞ የዛሬ አንባቢ የሚያስበው ፓርቲ ነው፤ ቃሉ የቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ ማዕረግ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልገዋል። በከተማዋ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ፈረስ ቢኖር ፒያሳ ላይ በ1923 ዓ.ም. የቆመው የምኒልክ ሐውልት ፈረስ ነው። እሱም ነሐስ ስለሆነ ፉርሽካ አይጠይቅም።

ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ያለውን ዓለም ማየት ልዩነቱን ያጎላዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው የሳዑዲ ካፕ፣ የጃፓኑ ፎርኤቨር ያንግና የሆንግ ኮንጉ ሮማንቲክ ዋሪየር ጎን ለጎን ገብተው ጃፓኑ በአንገት ርዝመት ብቻ ቀደመ። የውድድሩ ጠቅላላ ሽልማት 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። የፈረስ ወዳጆች ዛሬም የሚከራከሩት ስለ ሁለቱ ፈረሶች ነው፤ ማን ቀድሞ ተስፈነጠረ፣ ለማን አሸዋው ተመቸ። በ1973 እ.አ.አ. ሴክሬታሪያት ቤልሞንት ላይ በ31 ፈረስ ርዝመት ሲያሸንፍ፣ ቀደም ባሉት ሁለት ውድድሮች ሁለተኛ የወጣለት ሻም ዛሬ ድረስ በስሙ ይታወቃል። ተሸናፊው ሁለተኛ የወጣ ፈረስ እንኳ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልተረሳም።

ይህ የሆነው ፈረሶቹ ከእኛዎቹ በነፍስ ስለሚበልጡ አይደለም። እንግሊዞች በ1791 እ.አ.አ. የዘር መዝገብ ከፈቱ፤ እናትና አባት ተጻፈ። የዛሬው ቶሮብሬድ ሁሉ በአባት በኩል ከምሥራቅ ወደ እንግሊዝ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች ይወለዳል፤ ይህ የሚታወቀው የጻፈ ሰው ስለነበረ ብቻ ነው። አባ ዳኘው ተብለው የተጠሩት ንጉሥ የዘር ሐረግ እስከ ሰሎሞን ድረስ ተጽፏል፤ የዳኘው እናት ማን እንደነበረች ግን ማንም አልጻፈም።

ቶሮብሬድ ይምጣ የሚል ቢኖር ችግሩ ብዙ ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው፣ ከትንኝ በምታንስ ነካሽ ዝንብ የሚተላለፍ ቫይረስ አገሩን ለምዷል፤ ከውጭ የመጣ ፈረስን አይምርም። በሽታው ካለበት አገር ፈረስ ወደ ውጭ መላክም በጥብቅ የተገደበ ነው፤ ትልቅ የእሽቅድድም ኢንዱስትሪ ያላት ደቡብ አፍሪካ ራሷ በዚህ ለዘመናት ተንገላታለች። ግን ቶሮብሬድ ለምን? ሞንጎሎች ናዳም በተባለው በዓላቸው የሚያሽቀዳድሙት አጫጭሮቹን የአገራቸውን ፈረሶች ነው፤ ያውም በረጅም ርቀት፤ ዓለምም ሊያይ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች አሏት፤ ከአፍሪካ አንደኛ ናት። ተመራማሪዎች ስምንት ያህል ዓይነት ለይተዋል፦ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ እያሉ። ሐረርጌ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት አልባ ሆነው የኖሩ፣ ቁጥራቸው እጅግ የተመናመነ የዱር ፈረሶችም አሉ። ዳማ፣ ጉራች፣ አምባላይ፣ ቦራ፦ ቋንቋው ራሱ ለፈረስ መልክ ቃል አያጣም።

ሕያው የሆነው ሜዳ ግን አዲስ አበባ አይደለም፤ እንጅባራ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ ኢጣልያ ገና አልወጣም። በወረራ ዘመን ገበሬዎች ተሰባስበው የአድዋን ፈረስ እንዘክር አሉ። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ከባንጃ፣ ከጓንጓ፣ ከዳንግላ፣ ከአንከሻ፣ ከፋግታ ለኮማ ፈረሰኛው እንጅባራ ይጎርፋል። ጉግሱ አለ፣ ግልቢያው አለ፣ ስግሪያው አለ። ስግሪያ የሚለካው በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ፈረሱ ጋላቢውን ሳያንገጫግጭ እንደ ውሃ ሊፈስስ ይገባል። ማኅበሩ ከበዓሉ ባሻገር የተጣላ ያስታርቃል፣ በሐዘን ይደርሳል። በአዊ ፈረስ ያርሳልም። ምናልባት ምሥጢሩ ይኸው ነው፦ እዚያ ፈረስ ከማረሻው ወደ ኮርቻው፣ ከኮርቻው ወደ ለቅሶ ቤት ይዘዋወራል እንጂ አንድ ሥራ ሲያቅተው ከሁሉም አይወጣም።

ይሁን እንጂ በማግስቱ ዜናውን የሚከታተል ሰው የሚያየው ግላሱን፣ ጥበቡን፣ የእንግዶቹን ንግግርና የሕዝቡን ብዛት ነው። አንደኛ የወጣው ፈረስ ማን ይባላል? ካቻምናስ ማንን ቀድሞ ነበር? እናቱ የማን ባዝራ ናት? ባለቤቶቹና ጎረቤቶቻቸው ያውቁታል፤ በየመንደሩ ለዓመታት የሚወራ ፉክክር ነው። አገር ግን አያውቀውም፤ እነሱ ሲያልፉ ወሬው አብሯቸው ያልፋል።

ለመጀመር ስታዲየም አያስፈልግም፣ ቁማርም አያስፈልግም። በመጪው ጥር 23 መድረሻው መስመር ላይ አንድ ጸሐፊ ባለ መስመር ደብተር ይዞ ቢቀመጥ ይበቃል፦ የፈረሱ ስም፣ መልኩ፣ ዕድሜው፣ እናቱ፣ አባቱ፣ ወረዳው፣ ስንተኛ እንደወጣ። ገጹ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ ውድድር ካቆመ በኋላ የት እንደደረሰ። ቆሼ አጠገብ አካፋዩ ላይ የቆመው ፈረስም አንድ ሰው ያወጣለት ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ ጋሪውን ሲጎትት በዚያ ስም ሲጠራ ጆሮውን ያቆም ነበር።