የሩቅ አገር አስታማሚዎች፦ በሰሜን አሜሪካ ገጠር የርቀት ድጋፍ ታሪክ

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው አብዛኛውን የሕመሙን ዘመን የሚያሳልፈው በሆስፒታል ሳይሆን በገዛ ቤቱ ነው። የሚያስታምመውም የትዳር ጓደኛው ወይም ልጁ ነው። ከተማ ውስጥ የሚኖር አስታማሚ ሐኪም ያገኛል፤ ተመሳሳይ ችግር የገጠመውን ሰው የማግኘት ዕድልም አለው። በሰሜን አሜሪካ ሰፋፊ የእርሻ አገሮች ግን የቅርቡ ጎረቤት በኪሎሜትር የሚለካ ርቀት ላይ ነው፤ ወደ ነርቭ ሐኪም ደርሶ መመለስም ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እነዚህን ቤተሰቦች በርቀት መደገፍ ኢንተርኔት ከመስፋፋቱ በፊት የተጀመረ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ግን በሽታው በሽታ መባል ነበረበት። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 አንዲት ታካሚውን ምሳሌ አድርጎ ስለ ሕመሙ ካስረዳ በኋላ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በእርሱ የተሰየመው የበሽታ ስም ለአሠርት ዓመታት የሚሰጠው ከ65 ዓመት በታች ለታመሙት ብቻ ነበር። ከዚያ ዕድሜ በላይ የሆነው ሰው ጃጀ ይባል ነበር፤ መጃጀት ደግሞ የእርጅና ወግ እንጂ ሐኪም የሚጠየቅበት ጉዳይ አልነበረም። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ካትዝማን በ1976 ሁለቱ አንድ በሽታ መሆናቸውንና የብዙ ሰው ሕይወት የሚቀጥፍ መሆኑን ጻፈ። የአልዛይመር ማኅበራት የተቋቋሙት ከዚያ በኋላ ነው፤ የካናዳው በ1978፣ የብሪታንያው በ1979፣ የአሜሪካው ደግሞ ሚስቱ በበሽታው በተያዘችበት በቺካጎው ነጋዴ ጀሮም ስቶን መሪነት በ1980።

ማኅበሩ ገና እግሩን ሳይተክል በ1980 መጸው ላይ፣ በመላው አሜሪካ ጋዜጦች በሚወጣው «ዲር አቢ» በተባለው የምክር ዓምድ የአንዲት ባለትዳር ደብዳቤ ታተመ። ጸሐፊዋ ባሏ አልዛይመር እንደያዘው ገልጻ ምን ይሻላል ስትል ጠየቀች፤ የዓምዱ አዘጋጅም የአዲሱን ማኅበር አድራሻ ሰጠች። ለማኅበሩ ከ20,000 በላይ ደብዳቤ ጎረፈ። ጋዜጣና ፖስታ የሚደርሱበት ቦታ ሁሉ የማኅበሩ አባል መፍጠሪያ መሆኑ ያን ጊዜ ታየ። በ1981 ደግሞ ናንሲ ሜስና ፒተር ራቢንስ «የ36 ሰዓት ቀን» የሚል ርእስ ያለውን የአስታማሚዎች መመሪያ አሳተሙ። ርእሱ የአስታማሚ ቀን በሃያ አራት ሰዓት እንደማያልቅ የሚናገር ነው። መጽሐፍ ግን ተመልሶ አይጠይቅም፣ ሌሊት ሲጨንቅም አይመልስም።

ኮምፒውተር ወደዚህ ሥራ የገባው ኦሃዮ ውስጥ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲው ቶም ግሩንድነር በ1984 ሰዎች በስልክ መስመር እየገቡ ሐኪም የሚጠይቁበት የኮምፒውተር ሰሌዳ ከፍቶ «የቅዱስ ሲሊከን ሆስፒታል» ብሎ ሰይሞት ነበር። ቀልዱ ፍሬ አፈራና በ1986 «ክሊቭላንድ ፍሪ-ኔት» የተባለ የሕዝብ መረብ ተወለደ። በዚህ መረብ ላይ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው ነርስ ፓትሪሺያ ብሬናን «ኮምፒውተርሊንክ» የተባለውን ሙከራ አካሄደች። የ1995ቱ ዘገባ እንደሚያሳየው 102 አስታማሚዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ለአንድ ዓመት ቤታቸው የኮምፒውተር ተርሚናልና ሞደም ተተከለላቸው፤ ምስል የለ፣ ድምፅ የለ፣ ፊደል ብቻ። መረቡ ሦስት ነገር ነበረው፦ የሚነበብ መረጃ፣ ውሳኔ ለመወሰን የሚረዳ መጠይቅ፣ እንዲሁም ነርስ የምትከታተለው የመልእክት መለዋወጫ።

አስታማሚዎቹ በአማካይ ከ80 ጊዜ በላይ ገቡ፤ አዘውትረው የከፈቱትም የመልእክቱን ክፍል ነበር። በውጤቱ አስታማሚዎቹ በሚወስኑት ውሳኔ ላይ ያላቸው መተማመን ጨመረ፣ የመወሰን ችሎታቸውና የብቸኝነታቸው መጠን ግን ሲለካ አልተለወጠም። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። ሆኖም በማኅበራዊ ሕይወት መለኪያ የማይታይ እፎይታ መኖሩን የአጠቃቀማቸው ብዛት ራሱ ይመሰክራል፤ ሰው ከማይረባው ነገር ጋር ዓመት ሙሉ አይደክምም።

በ1995 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋማት «ሪች» የተባለውን በስድስት ከተሞች የተካሄደ ጥናት መደገፍ ጀመሩ። የቦስተኑ ቡድን ኮምፒውተሩን ትቶ በሁሉም ቤት ያለውን ተራ ስልክ መረጠ። አስታማሚው ደውሎ ጭንቀቱን በቁልፍ ይመዘግባል፣ ለሌሎች አስታማሚዎች የድምፅ መልእክት ይተዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ለታማሚው የተዘጋጀው ጥሪ ነው፦ ማሽኑ ከሩብ ሰዓት በላይ በለሰለሰ ድምፅ ያጫውተዋል፣ አስታማሚው በዚያች ፋታ ገላውን ይታጠባል ወይም ምግቡን ይጨርሳል።

የርቀት ነገር ጎልቶ የወጣው በካናዳዋ ሳስካችዋን ግዛት ነው። ስፋቷ ከ650,000 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ግማሽ ይበልጣል። ሕዝቧ ግን በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ወጣቶቹ ወደ ከተማ ሲሄዱ እርሻው ለአረጋውያን ቀረ። ክረምቱ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት፣ ነፋስ በረዶውን እያነሳ መንገዱን የሚሰውርበት ነው። ገንዘብ እዚህ ሰበብ አልነበረም፤ ግዛቲቱ በ1947 የሆስፒታል፣ በ1962 የሐኪም ወጪ በመንግሥት እንዲሸፈን በማድረግ ከካናዳ ቀዳሚ ናት። ሕክምናው በነፃ እያለ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው። በ1993 መንግሥት ወጪ ለመቀነስ 52 ትናንሽ የገጠር ሆስፒታሎችን የተኝቶ ሕክምና እንዳይሰጡ ማድረጉ ደግሞ ርቀቱን አባሰው።

በደብራ ሞርጋን የሚመራ የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2004 በሳስካቱን ከተማ የገጠርና የሩቅ አካባቢ የመርሳት በሽታ ክሊኒክ ከፈተ። ቀድሞ አንድ ታማሚ ለነርቭ ሐኪም፣ ለሥነ ልቦና ምርመራና ለራጅ ለየብቻ መመላለስ ነበረበት። ክሊኒኩ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሰበሰበው፤ አመሻሹ ላይ ቤተሰቡ ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጦ ውጤቱን ይሰማል። ከዚያ በፊት ያለው ቃለ መጠይቅና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክትትል ደግሞ በአቅራቢያው ካለ የጤና ተቋም በቪዲዮ ይካሄዳል። ተመራማሪዎቹ ሲያሰሉት በቪዲዮ የተደረገ አንድ ክትትል ለቤተሰቡ በአማካይ ከ400 ኪሎሜትር በላይ የደርሶ መልስ ጉዞ ያስቀር ነበር። ግራ የተጋባን ሰው መኪና ውስጥ አስቀምጦ ሰዓታት መንዳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የቁጥሩ ክብደት ይገባዋል። ታማሚው መንገድ ላይ ልውረድ ይላል፣ ሽንት ቤት ማግኘት ይቸግራል፣ ሲመለስም ቀናት ይታወካል።

ከክሊኒኩ ጋር የተያያዘ የአስታማሚዎች ቡድንም ተመሠረተ። አባላቱ ባልተለመደ ዓይነትና በጎልማሳነት ዕድሜ በመርሳት በሽታ የተያዙ ሰዎች ባሎችና ሚስቶች ናቸው። በሽታው አንዳንዴ ከማስታወስ በፊት ጠባይን ይለውጣል፤ ጨዋው ሰው ይሳደባል፣ ቆጣቢው ገንዘብ ይበትናል። በአንድ የገጠር ከተማ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ቤተሰብ ላይኖር ይችላል። ስለ አረጋውያን የሚያወራው የአካባቢው ማኅበርም ለእነርሱ አይሆናቸውም፤ ገና ሥራ ላይ ናቸው፣ ልጅም ያሳድጋሉ። በመላ ግዛቲቱ የተበተኑት ጥቂት ሰዎች በየአቅራቢያቸው ጤና ተቋም ካሜራ ፊት እየተቀመጡ ተገናኙ። የርቀት ድጋፍ ሌላ ምንም ሊተካው የማይችል ጥቅም ያሳየው እዚህ ነው ማለት ይቻላል፤ መረጃ በመጽሐፍም ይገኛል፣ አምሳያ ሰው ግን አይገኝም።

ቪዲዮው ከጤና ተቋም ወደ ቤት ለመግባት ፈጣን ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። የካናዳ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ድርጅት ፈጣን ኢንተርኔትን ለሁሉም ዜጋ የሚገባ መሠረታዊ አገልግሎት ብሎ የወሰነው በታኅሣሥ 2016 ነው፤ ገጠሩ ግን ከከተማው ወደ ኋላ ቀርቶ ቆየ። በአሜሪካ የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ቀድሞ በአካል ይሰጥ የነበረን የአስታማሚዎች ሥልጠና «ቴሌ-ሳቪ» ብለው በሳምንት አንድ ጊዜ በሚደረግ የቪዲዮ ውይይትና በአጫጭር ፊልሞች አዘጋጁት። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ስብሰባዎችን ሲዘጋ የከተማው አስታማሚም የገጠሩ ዓይነት መነጠል ገጠመውና ይህ አሠራር የሁሉም ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ስለ መርሳት በሽታ የጸደቀውን ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተከትሎ አምስት ክፍልና 23 ትምህርት ያለውን «አይሰፖርት» የተባለ የኢንተርኔት ሥልጠና አዘጋጀ። ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ በሆነችው በሕንድ ብዙዎቹ ተመዝጋቢዎች ሥልጠናውን ሳይጨርሱ ቀሩ። በራስ ጊዜ ብቻን ተቀምጦ ማጥናት ፋታ ለሌለው ሰው ከባድ መሆኑ አያስገርምም፤ ክሊቭላንድ ላይ አስታማሚዎቹ ከሚነበበው ይልቅ የመልእክቱን ክፍል መምረጣቸውም ይህንኑ ያመለክታል። ድርጅቱ በ2019 ኢንተርኔት በማይደርስበት ቦታ የሚያገለግል የወረቀት መመሪያም አወጣ፤ ልዩ ልዩ አገሮችም መመሪያውን ወደየቋንቋቸውና ወደየባህላቸው እያስማሙ ያትሙታል።