ጡረታ ወደ ግል ድርጅት ሠራተኛ የደረሰበት መንገድ

በአገራችን ጡረታ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ወግ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። በግል ድርጅት የምትሠራ ሴት ግን እርጅናዋን የምትጥለው በልጆቿ፣ በእቁቧና በእድሯ ላይ ነበር። አንዳንድ ድርጅቶች ፕሮቪደንት ፈንድ ነበራቸው፤ ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ ያዋጣሉ፣ ሥራ ሲለቀቅ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

ይህ የተለወጠው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችም ጡረታ እንዲኖራቸው ተደነገገ። መዋጮው በየዓመቱ ከፍ እያለ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ደረሰ። ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው በዚያው መቀጠል ወይም ወደ ጡረታው መግባት ይችሉ ነበር።

ያን ጊዜ ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ መጀመሬ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን በጽዳት ሥራ ላይ የነበሩ የ48 ዓመት እናት «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የቱ ይሻለኛል?» አሉኝ። አዋጁን አላነበብኩትም ነበር፤ አለማንበቤን ግን ለመናገር አፈርኩ። «በአንድ ጊዜ እጅዎ የሚገባው ይሻላል» አልኳቸው።

በ2015 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላቸውና ገንዘባቸውን ተቀበሉ። የቤት ኪራይና ሕክምና ጨረሰው። ጡረታው ውስጥ ገብተው ቢሆን፣ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላሉት 2 ዓመታት ለእያንዳንዱ 1.25 በመቶ ታስቦላቸው፣ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዛቸውን 32.5 በመቶ በየወሩ ዕድሜ ልካቸውን ያገኙ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ግን አይቋረጥም።

እኅቶቼ፣ ስለ ገንዘባችሁ የሚመክራችሁን ሰው «የተማረ ነው» ብላችሁ ብቻ አትመኑ። አንቀጹን እንዲያሳያችሁ፣ ስሌቱን በወረቀት እንዲሠራላችሁ፣ ከምክሩ እሱ ምን እንደሚያገኝ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። አዋጅ 715 ራሱ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ስለተተካ፣ የድሮ ምክርም ሊያሳስት ይችላል። መዋጮው በስማችሁ ገቢ መሆኑንም አረጋግጡ። የሚታሰበው በመደበኛው ደመወዝ ነውና፣ ክፍያችሁ በአበል ስም ሲበዛ ጡረታችሁ ያንሳል።

በሚቀጥለው ስብሰባ የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። አዋጁን ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እናነባለን።