የማሽን ትእዛዝና የመሬት መልስ፤ ከገዳሪፍ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ የታየው በቁጥር የሚታዘዝ ሚሊንግ ማሽን፣ ትእዛዝ ከመቀበል አልፎ የደረሰበትን ቦታ እየለካ መልሶ ያሳውቅ ነበር። ዛሬም አሮጌ ማሽን ሲታደስ በዋናው ዘንግ ላይ ዙር ቆጣሪ ይገጠምለታል፤ ያለዚያ ዘንጉ የታዘዘውን ያህል መዞሩ በእርግጥ አይታወቅም።

ከዚህ ተነሥተን የጎረቤታችንን የምሥራቅ ሱዳንን ታሪክ እንመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊት ቀለብ ሲል በገዳሪፍ ጥቁር አፈር ላይ በትራክተር ማሽላ ማረስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ ደግሞ እርሻው በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ተስፋፋ። ትእዛዙ «እረስ፣ አስፋ» የሚል ነበር።

መሬቱም መልስ ሰጠ፤ ምርቱ ቀነሰ፣ አቀንጭራ በዛ። ሆኖም ብዙዎች መሬቱን በማሳረፍ ፈንታ ሌላ ደን መነጠሩ፤ የዘላኑም ግጦሽ ጠበበ። በአረምና በአጨዳ የደከሙት፣ ከኢትዮጵያም ድንበር ተሻግረው የሄዱት የቀን ሠራተኞች ግን የመሬቱን መድከም በእጃቸው ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው እንጂ የሚናገር አልጠፋም።

እኛም መምህራን ያስተማርነው ለተማሪው መድረሱን መልሰን ካልጠየቅን፣ ቆጣሪ እንደሌለው ዘንግ መሆናችን ነው።