ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር

ይህ የሕክምና መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ «ኦክስጅን ማምረቻ» ቢባልም፣ አዲስ ጋዝ የሚፈጥር ሳይሆን 78 በመቶ ናይትሮጅንና 21 በመቶ ኦክስጅን ከያዘው አየር ናይትሮጅኑን የሚያስቀር ነው («ማበልጸጊያ» ቢባል ይበልጥ ይስማማው ነበር)። ለዚህ የሚያገለግለው ዚዮላይት፣ ማለትም እጅግ ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን፣ አየሩ በግፊት ሲገባበት ናይትሮጅንን ይይዛል፣ ግፊቱ ሲቀንስም የያዘውን ይለቅቃል፤ ዚዮላይት የያዙ ሁለት ዓምዶች ተራ በተራ ስለሚሠሩም፣ ንጽሕናው 93 በመቶ ገደማ የሆነ ኦክስጅን ሳይቋረጥ ይወጣል። በትከሻ የሚንጠለጠለው አነስተኛው ዓይነት በባትሪ የሚሠራ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን የሚሰጠው ታካሚው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ብቻ በመሆኑ፣ ከፍተኛ ፍሰት ለሚያስፈልገው ጽኑ ሕሙም አይበቃም። መሣሪያው እንደ ሲሊንደር መሞላት ባያስፈልገውም፣ መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ የተሞላ ሲሊንደር በመጠባበቂያነት መቀመጥ አለበት።