ሳይነኩ መመርመር፦ በሌዘር የሚፈጠርና የሚለካ የገጽ ሞገድ

ሎርድ ሬይሊ በጠጣር አካል ገጽ ላይ ብቻ የሚጓዝ ሞገድ መኖሩን በ1885 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ሲያሳይ፣ ሞገዱ በመሬት መንቀጥቀጥ ትልቅ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ዛሬ የዚያው ሞገድ እጅግ ያነሰ ዓይነት በብረት ላይ ስንጥቅ ይፈለግበታል። የተለመደው ዘዴ የፒዞኤሌክትሪክ መመርመሪያን በጄል ወይም በውኃ አማካይነት ከዕቃው ጋር ማገናኘት ነው። ዕቃው የጋለ ወይም የሚሽከረከር ከሆነ ግን ይህ ያስቸግራል፤ ሌዘር ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ማመንጨቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ጥቂት ናኖሰከንድ የሚቆይ የብርሃን ምት ሲያርፍበት ገጹ በቅጽበት ይሞቃል፤ የሞቀው ቦታ ሊለጠጥ ሲል ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ያግደዋል፤ ከዚህ ውጥረት ሞገድ ይነሣል። የብርሃኑ ኃይል ከመጠን ሲያልፍ ገጹ መትነን ይጀምራል። ምልክቱ ይጠነክራል፣ ጠባሳ ግን ይቀራል፤ ጉዳት ሊፈልግ የመጣ መርማሪ ደግሞ ጉዳት ጨምሮ መሄድ የለበትም። ስለዚህ ጨረሩን በሲሊንደራዊ ሌንስ ቀጭን መስመር ላይ መዘርጋት ይመረጣል። ሙቀቱ ይከፋፈላል፣ ሞገዱም በአመዛኙ ለመስመሩ ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ግራና ቀኝ ይጓዛል።

የገጽ ሞገድ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በግምት የአንድ ሞገድ ርዝመት ያህል ነው። በብረት ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 3,000 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በ1 ሜጋኸርዝ ርዝመቱ 3 ሚሊሜትር፣ በ10 ሜጋኸርዝ ደግሞ 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። አንድ የሌዘር ምት ብዙ ድግግሞሾችን አብሮ ስለሚይዝ በአንድ ጊዜ የተለያየ ጥልቀት ይፈትሻል። ልባጥ ባለበት ዕቃ ላይ አጫጭሮቹ ሞገዶች የልባጡን፣ ረጃጅሞቹ የሥሩን ብረት ፍጥነት ይዘው ይደርሳሉ፤ የልባጡ ውፍረት ከዚህ ልዩነት ይሰላል።

ችግሩ መቀበሉ ላይ ነው። የገጹ ንቅናቄ ብዙ ጊዜ ከአንድ ናኖሜትር አይበልጥም። ይህን የሚለካው ኢንተርፌሮሜትር የተወለወለ ገጽ ይወዳል፤ ሻካራ ገጽ ብርሃኑን በትኖ ምልክቱን ያደክመዋል። ፋብሪ-ፔሮ የተባለው የኢንተርፌሮሜትር ዓይነት የተበተነውን ብርሃን በመሰብሰብ ይህን ያቃልላል፣ ወጪው ግን ቀላል አይደለም።

በእኔ ግምት ብልሁ መፍትሔ መቀበያውን ገጹ ምቹ በሆነበት ቦታ ተክሎ አመንጪውን ጨረር ማንቀሳቀስ ነው። ከትንሽ ስንጥቅ የሚመለስ ማሚቶ በጩኸት ሊዋጥ ይችላል። ጨረሩ ራሱ በስንጥቁ ላይ ሲያልፍ ግን ቀጥታ የሚሄደውና ከስንጥቁ የሚንጸባረቀው ሞገድ ይደራረባሉ፤ የምልክቱ ከፍታ በድንገት ይጨምራል፣ ስንጥቁን ሲሻገር ደግሞ ይወርዳል።