ከመቄዶንያ እስከ ኢየሩሳሌም የተጓዘ ምጽዋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ እግዚአብሔር የሚወደው ደስ እያለው የሚሰጠውን ሰው እንደ ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ በምዕራፍ 9 አስተምሮናል። ይህን ትምህርት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ስለ የትኛው ገንዘብና ስለ የትኞቹ ድሆች እንደ ተጻፈ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን እንመልከት።

በሮም ቄሣር በቀላውዴዎስ ዘመን፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ41 እስከ 54 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ረኃብ ሆነ። ነቢዩ አጋቦስ ይህን አስቀድሞ በአንጾኪያ ተናግሮ ነበርና፥ የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ሐዋርያት ያዕቆብ፥ ጴጥሮስና ዮሐንስም ጳውሎስንና በርናባስን ወደ አሕዛብ ሲያሰናብቱ፥ ድሆችን እንዳይረሱ አደራ አሏቸው። ጳውሎስ ይህን አደራ እስከ መጨረሻው ጠበቀ።

በገላትያና በቆሮንቶስ ላሉት አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓት ሠራላቸው። እያንዳንዱ ሰው ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን፥ በእሑድ፥ ካገኘው ላይ ከፍሎ በቤቱ እንዲያኖር አዘዘ። ሐዋርያው በመጣ ጊዜ በችኰላ እንዲለቀም አልፈለገም። ልግስና በአንድ ቀን ስሜት የሚገኝ ነገር አይደለምና፤ እጅ ጥቂት በጥቂት እየለመደው የሚማረው ሥራ ነው።

ቆሮንቶስ በሁለት ወደቦች መካከል የተቀመጠች፥ በንግድ የበለጸገች ከተማ ነበረች። ምእመናኖቿም መዋጮውን በትጋት ጀመሩት፤ ዳሩ ግን ዓመት ቢያልፍም ሳይፈጽሙት ቀሩ። በመቄዶንያ ያሉት፥ ማለት የፊልጵስዩስና የተሰሎንቄ የመሰሉት አብያተ ክርስቲያናት ግን በመከራ የተፈተኑ እጅግም ድሆች ነበሩ። እነዚህ ድሆች፥ በቅዱሳን አገልግሎት ይካፈሉ ዘንድ ሐዋርያውን ለመኑት። በዓለም ልማድ ድኻ ይቀበል ዘንድ ባለጠጋን ይለምናል፤ በዚህ ግን ድኻው ይሰጥ ዘንድ ለመነ። ይህስ ከምን የተነሣ ነው ብንል፥ ሐዋርያው ምክንያቱን ነግሮናል፤ አስቀድመው ራሳቸውን ለጌታ ሰጥተው ነበርና። ራሱን የሰጠ ሰው ገንዘቡን መስጠት አይከብደውም።

ጳውሎስም ቆሮንቶሳውያንን በትእዛዝ አላስገደዳቸውም። ባለጠጋ ሲሆን ስለ እኛ ድኻ የሆነውን ጌታችንን አሳያቸው እንጂ። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጕድለት እንዲሞላ፥ ስጦታውም ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንደማይታሰብ አስረዳቸው። በገንዘቡም ላይ ሐሜት እንዳይነሣ ቲቶን ከሌሎች ሁለት ወንድሞች ጋር ላከ። ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ባደረገው ጉዞ ከቤርያ፥ ከተሰሎንቄ፥ ከደርቤንና ከእስያ የመጡ ሰዎች አብረውት ነበሩ።

ይህ ጉዞ አደገኛ ነበር። ሐዋርያው በይሁዳ ካሉት ከማያምኑት እንዲድን፥ አገልግሎቱም በቅዱሳን ዘንድ የተወደደ እንዲሆን፥ የሮም ምእመናን እንዲጸልዩለት በመልእክቱ ለመነ። በ57 ዓ.ም. ገደማ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ወንድሞች በደስታ ተቀበሉት፤ ነገር ግን ብዙ ቀን ሳይቈይ በመቅደስ ተያዘ። በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት ቆሞም ለወገኖቹ ምጽዋት ይዞ እንደ መጣ መሰከረ። ሁለት ዓመት በቂሣርያ ታስሮ ከቈየ በኋላ ወደ ሮም ተወሰደ። እንግዲህ ያ ምጽዋት አድራሹን ነጻነቱን አስከፍሎታል። በደስታ ስለ መስጠት ያስተማረን ሰው እንዲህ ያለ ዋጋ የከፈለ ነውና ትምህርቱን በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ፊቱን አጨፍግጎ የሚሰጥ ሰው፥ ድኻውን ቢያጠግበውም ያሳፍረዋል። ስሙ በአደባባይ እንዲነገርለት የሚሰጥም ዋጋውን ከሰው ተቀብሏል። ምናልባት «እኔ የምሰጠው ምን አለኝ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እርሱ የመቄዶንያን ድሆች ያስብ። «ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» የሚልም የቆሮንቶስን ባለጠጎች ያስብ፤ እነርሱ ፈቃድ ሳያንሳቸው ቀጠሮ አዘገያቸው፤ በዚያ መካከል ግን በኢየሩሳሌም የሚጠብቅ ችግረኛ ነበረ።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፥ በሚመጣው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት፥ እግዚአብሔር በሳምንቱ ከሰጠን ላይ የድኻውን ድርሻ በቤታችን ለይተን እናስቀምጥ። ብዙ ባይሆንም ለይተን እናስቀምጥ፤ በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ እናድርግ። ስንሰጥም የተቀባዩን ዓይን በወንድምነት እንመልከት። ለመቄዶንያ ድሆች የሰጠውን ጸጋ ለእኛም ያድለን ዘንድ የእግዚአብሔር ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱስ ጳውሎስም ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።